በሁለት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ያገለገለችው ብረት ለበስ መርከብ ሁአስካር

መልሕቅ፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። በንግድ መርከብ የማሽን ክፍል ውስጥ እንደምሠራ የቆያችሁ ታውቃላችሁ። በቅርቡ ቺሌ ውስጥ በሳን ቪሴንቴ ወደብ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ስንጭን ግማሽ ቀን ፈቃድ አገኘሁ፤ ወደ ታልካዋኖ ተሻግሬ በባሕር ኃይሉ ሰፈር የቆመችውን ሁአስካርን አይቼ ተመለስሁ። ካየኋት ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኛለች። ታሪኳን በአቅሜ አነሣለሁ፤ የምታውቁ ጨምሩበት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁአስካርን ያሠራቻት ፔሩ ናት። እንግሊዝ አገር ቢርከንሄድ ውስጥ በሌርድ ወንድማማቾች መርከብ መሥሪያ ተሠርታ በ1865 ውኃ ነካች። ስሟ የኢንካ ንጉሥ ስም ነው። ርዝመቷ 67 ሜትር ገደማ ሲሆን ወገቧ ላይ 114 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ለብሳለች፤ ከብረቱ ጀርባ ደግሞ ወፍራም የቲክ እንጨት አለ። አፍንጫዋ ላይ የጠላትን መርከብ የምትወጋበት የብረት ቀንድ ተበጅቶላታል። ዋና መሣሪያዋ በአንድ ክብ ተሽከርካሪ ማማ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ባለ 10 ኢንች አርምስትሮንግ መድፎች ነበሩ።

ማማውን የሚያዞረው እንፋሎት አይደለም፤ የሰው ክንድ ነው። 16 ሰዎች ማዞሪያውን ይዘው ሲታገሉ አንድ ሙሉ ዙር 15 ደቂቃ ይፈጃል። ከማዞሪያው አጠገብ ስቆም ራሴን ዝቅ አድርጌ ነበር። እኔ ዛሬ በምሠራበት ክፍል ሞተሩን የምጀምረው ቁልፍ ተጭኜ ነው። እነዚያ ሰዎች ግን በጨለማ፣ ጠላት የት እንዳለ ሳያዩ፣ ከላይ በሚጮኽላቸው ትእዛዝ ብቻ ያንን ሁሉ ብረት በክንዳቸው ሲገፉ ይውሉ ነበር።

በ1879 ቺሌ በአንድ ወገን፣ ፔሩና ቦሊቪያ በሌላ ወገን ሆነው ጦርነት ገጠሙ። የጠቡ መነሻ በአታካማ በረሃ የሚገኘው የናይትሬት ማዕድንና ቦሊቪያ በላዩ የጣለችው ቀረጥ ነው። በዚያ በረሃ መንገድም ውኃም ስለሌለ ባሕሩን የያዘ ጦርነቱን ያዘ። የፔሩ ዋና ዋና ብረት ለበሶች ሁለት ነበሩ፤ ሁአስካርና ኢንዴፔንዴንሲያ።

ሜይ 21 ቀን በኢኪኬ ወደብ የሁአስካር አዛዥ ሚጌል ግራው፣ ወደቡን ዘግታ የነበረችውን ኤስሜራልዳ የተባለች አሮጌ የቺሌ የእንጨት መርከብ ገጠማት። የኤስሜራልዳ አዛዥ አርቱሮ ፕራት 31 ዓመቱ ነበር። የመድፎቹ ጥይቶች በሁአስካር ብረት ላይ ነጥረው ይመለሳሉ፤ የግራው ተኳሾችም ልምድ ስለሌላቸው ይስታሉ። ግራው በመጨረሻ በቀንዷ ለመውጋት ወሰነ። ሁለቱ መርከቦች እንደተጋጩ ፕራት ሰይፉን መዝዞ ወደ ሁአስካር ወለል ዘለለ። ከኋላው የተከተሉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እዚያው ወደቀ። በሁለተኛው ግጭት ሌተናንት ሰራኖ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ዘለለ፤ እነርሱም ወደቁ። በሦስተኛው ኤስሜራልዳ ሰንደቅ ዓላማዋን ሳታወርድ ሰመጠች። ግራው ጀልባ አውርዶ ውኃ ላይ የቀሩትን የጠላት መርከበኞች አወጣቸው።

በዚያው ቀን ኢንዴፔንዴንሲያ ኮቫዶንጋ የተባለችውን ትንሽ መርከብ ስታሳድድ ከዐለት ጋር ተላትማ ቀረች። ስለዚህ ፔሩ ኢኪኬ ላይ አሸነፈች ቢባልም ከሁለቱ ዋና ብረት ለበሶቿ አንዷን አጥታለች። ከዚያ ቀን በኋላ የአገሪቱ ባሕር በሙሉ በሁአስካር ትከሻ ላይ ወደቀ።

ፕራት የወደቀበት ቦታ ዛሬ በመርከቧ ወለል ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ዞር ብሎ ያልፋል፤ ማንም አይረግጠውም።

የታሪክ ወዳጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መልሕቅ። አንድ ነገር ልጨምር። ግራው ከውጊያው በኋላ የፕራትን ንብረት ሰብስቦ ለሚስቱ ለካርሜላ ካርቫሃል ላከላት። በደብዳቤው ባሏን በጀግንነቱ አወደሰላት፤ የዕቃዎቹንም ዝርዝር አያይዞ ጻፈ። ሰይፉ አለበት። የወርቅ የጋብቻ ቀለበቱ፣ የሸሚዝ አዝራሮቹ፣ ጓንቱ፣ ነጭ መሐረቡና የማስታወሻ ደብተሩ አሉበት። እርሷም ኦገስት 1 ቀን በአክብሮት መለሰችለት።

እኔ ከውጊያው ይልቅ ይህ ዝርዝር ነው የሚይዘኝ። በጦርነት መሀል፣ ከሰል እያለቀበት፣ ሁለት የጠላት ብረት ለበሶች እየፈለጉት፣ አንድ አዛዥ ተቀምጦ የገደለውን ሰው ጓንትና መሐረብ ይቆጥራል። በስፓኝ ቋንቋ «የባሕሮች ጨዋ» የሚባለውን ስም ያተረፈለት እንዲህ ያለ ሥራው ነው።

ደግሞ የሚያሳዝነው፣ እነዚህ ሰዎች ባዕዳን አልነበሩም። በ1866 ፔሩና ቺሌ ስፔንን አብረው ሲወጉ ግራው በአብታኦ ውጊያ ከቺሌ መርከበኞች ጋር አንድ ወገን ሆኖ ተሰልፏል። ሁአስካር ራሷ የታዘዘችው ከስፔን ጋር ለመዋጋት ነበር፤ ግን ዘግይታ ደረሰች።

ከአዳማ፦

ታሪኩ ልብ ይነካል። ጥያቄ አለኝ። ይህች መርከብ በዓለም የመጀመሪያው ቶርፔዶ የተተኮሰባት ናት ሲባል ሰምቻለሁ። የተኮሰችባት ቺሌ ናት?

የታሪክ ወዳጅ፦

አይደለችም፤ የተኮሰችባት እንግሊዝ ናት፤ ያውም ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በፊት። በሜይ 1877 የፔሩ ፖለቲከኛ የኒኮላስ ደ ፒዬሮላ ደጋፊዎች መርከቧን በካያኦ ወደብ በአመፅ ያዟት። በባሕር ላይ የእንግሊዝ የንግድ መርከቦችን ማስቆም ሲጀምሩ አድሚራል ደ ሆርሲ ሻህና አሜቲስት በተባሉ ሁለት መርከቦች ሊይዛት መጣ። ሜይ 29 ቀን ፓኮቻ አጠገብ ተጋጠሙ። ሻህ በራሱ ኃይል የሚሄድ የዋይትሄድ ቶርፔዶ ተኮሰች። በውጊያ ላይ የዚህ ዓይነት ቶርፔዶ ሲተኮስ የመጀመሪያው ያ ነው። ሁአስካር ዞር ብላ አመለጠችው፤ ሌሊቱን ተሰወረች፤ ከዚያም አመፀኞቹ እጃቸውን ለራሷ ለፔሩ ሰጡ።

ቺሌና ቶርፔዶ የሚያገናኘው ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። በኦገስት 1879 ግራው በአንቶፋጋስታ ወደብ በቆመች የቺሌ መርከብ ላይ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚመራ የሌይ ቶርፔዶ ለቀቀ። ቶርፔዶው መንገድ ላይ ታጥፎ ወደ ሁአስካር መመለስ ጀመረ። ሌተናንት ዲየስ ካንሴኮ ባሕሩ ውስጥ ዘልሎ በእጁ አቅጣጫውን አስቀየረውና መርከቧ ተረፈች።

ብረት ቀጥቃጭ፦

የብረት ሥራ ሙያዬ ስለሆነ አንድ ነገር አልገባኝም። በፓኮቻ ሁለት የእንግሊዝ መርከቦች ሲደበድቧት ውለው ከሞላ ጎደል ያልተበሳው ብረት፣ በ1879 በቺሌዎች በተማረከችበት በአንጋሞስ ውጊያ እንዴት ተበሳ? ብረቱ ያው ነው።

መልሕቅ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብረቱ ብቻ ሳይሆን መድፉም ተመሳሳይ መጠን ነው። ሻህም፣ በአንጋሞስ የገጠመቻት የቺሌ ብረት ለበስ ኮክሬንም ባለ 9 ኢንች መድፍ ነበራቸው። ልዩነቱ ርቀቱ ነው። ሻህ ራሷ የብረት ልብስ ስለሌላት ከሁአስካር መድፎች ፈርታ ከሩቅ ነበር የምትተኩሰው። ጥይት በሩቅ ሲጓዝ ጉልበቱ ይደክማል፤ ደግሞም በሰያፍ ያርፍና ይንሸራተታል። የቺሌዋ ኮክሬን ግን ከሁአስካር እጥፍ የሚሆን ብረት ለብሳለች። እርሷ ምን ትፈራለች? ዝም ብላ ተጠጋች። በቅርብ ሆና ብረት እንዲበሳ ተብሎ ጫፉ እንዲጠነክር የተሠራውን የፓሊዘር ጥይት ለቀቀችባት። አንተ እንደምታውቀው የዚያ ዘመን ብረት ሲመታ አይሰነጠቅም፤ ይቀደዳል። ከጀርባ ያለው የቲክ እንጨትም ተሰባብሮ በውስጥ ያለውን ሰው እንደ ጥይት ይመታዋል።

ስለ አንጋሞስ በደንብ ልጻፍ፤ ከኢኪኬ ይልቅ ለእኔ ትልቁ እርሱ ነው።

ግራው ከሜይ እስከ ኦክቶበር በአንዲት መርከብ የቺሌን ጦር አግዶ ቆየ። ሌሊት ብቅ ይላል፣ ወደብ ይደበድባል፣ የጭነት መርከብ ይማርካል፣ ጎህ ሳይቀድ ይጠፋል። በጁላይ 23 ሪማክ የተባለችውን ማመላለሻ መርከብ አንድ ሙሉ የፈረሰኛ ጓድ ከነፈረሱ እንደያዘች ማረካት። ቺሌ ውስጥ ሕዝቡ ተቆጥቶ አደባባይ ወጣ፤ የባሕር ኃይሉ አዛዥ ዊሊያምስ ረቦዬዶም ቦታውን ለቀቀ። የሁአስካር ነገር ካልተቋጨ እግረኛ ጦር በባሕር ማጓጓዝ እንደማይቻል ሁሉም ገባው።

አዲሱ አዛዥ ጋልቫሪኖ ሪቬሮስ መርከቦቹን አሳደሰ። ሆዳቸው ላይ የበቀለው ዛጎልና አረም ተፍቆ ፍጥነታቸው ተመለሰ። ይህን ነገር እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሆዷ የቆሸሸ መርከብ የፈለገውን ያህል ነዳጅ ብትበላ አትሮጥም። የሁአስካር ሆድ ግን ቆሽሾ ነበር። ቺሌዎች ኃይላቸውን በሁለት ከፍለው አንዱ ሲያባርር ሌላው እንዲጠብቅ አደረጉ።

ኦክቶበር 8 ጎህ ሲቀድ ግራው ከአንቶፋጋስታ ወደ ሰሜን ሲመለስ ብላንኮ ኤንካላዳ የተባለችውን የቺሌ ብረት ለበስ ከኋላው አያት። ሊያመልጣት ይችል ነበር። ከፊቱ ግን ሌላ ጭስ ታየ፤ ኮክሬን ናት። አብራው የነበረችው የፔሩ መርከብ ዩኒዮን ፈጣን ስለነበረች ተልካ አመለጠች። ውጊያው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ተጀመረ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጥይት ግራው ቆሞ ያዝዝበት የነበረውን ጠባብ ማማ ውስጥ ገብቶ ፈነዳ። ከሰውነቱ የተገኘው የእግሩ ቁራጭ ብቻ ነው። አጠገቡ የነበረው ረዳቱ ዲዬጎ ፌሬም በፍንዳታው ሞተ። ትእዛዙን የተረከበው ኤሊያስ አጊሬ ተገደለ። ከእርሱ ቀጥሎ የተረከቡትም ወደቁ ወይም ቆሰሉ። በመጨረሻ ትእዛዙ ከወጣት ሌተናንት ከፔድሮ ጋሬሶን እጅ ላይ አረፈ። መሪው ተሰብሯል፤ የመድፎቹ ማማ ተመትቷል፤ ወለሉ በሬሳ ተሞልቷል። ጋሬሶን መርከቧ ለጠላት እንዳትተርፍ የባሕር ውኃ ማስገቢያዎቹ እንዲከፈቱ አዘዘ።

አሮጌው መርከበኛ፦

ልጆች፣ እኔ ከምጽዋ ዘመን ነኝ፤ በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በማሽን ክፍል አገልግያለሁ። እዚህ ቦታ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ውኃ ማስገቢያዎቹን ክፈቱ» የሚለው ትእዛዝ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ከላይ ያሉት ሰዎች ሰማይ ያያሉ፤ ከታች ያለው ሰው አያይም። ቦይለሩ አሁንም ይነድዳል። ባሕሩ ከቁርጭምጭሚትህ ተነሥቶ ወደ ጉልበትህ ሲወጣ፣ ያ ቀዝቃዛ ውኃ የጋለውን ብረት ሲነካ የሚወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። እኛ ልምምድ ላይ ሳለን አንድ ቧንቧ ለቀቀና ውኃው እስከ ጉልበታችን ደርሶ ነበር። ልምምድ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ዓይኔ ከመሰላሉ ላይ አልነቀል ብሎኝ ነበር። የሁአስካር ማሽን ክፍል ሰዎች ግን ከላያቸው ጥይት እየፈነዳ መክፈቻውን ሲያላሉ ነበር።

መልሕቅ፣ ቀጥሎ ምን እንደሆነ ንገርልኝ። እኔ የማውቀው ቺሌዎች ደርሰው እንደዘጉት ብቻ ነው።

መልሕቅ፦

ልክ ነዎት ጋሼ። የቺሌ መርከበኞች በጀልባ መጥተው ሲወጡባት ውኃው ከአንድ ሜትር በላይ ሞልቶ ነበር። ወርደው የማሽን ክፍሉን ሰዎች በሽጉጥ አስገድደው ማስገቢያዎቹን አስዘጉ። ጥቂት ደቂቃ ቢዘገዩ ኖሮ ዛሬ የምናወራላት መርከብ አትኖርም ነበር። ውጊያው ሁሉ የፈጀው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

አንድ ወር ሳይሞላ ኖቬምበር 2 ቀን የቺሌ ጦር በፔሩ ጠረፍ ፒሳጉዋ ላይ ወረደ። በጃንዋሪ 1881 የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ተያዘች። የአንዲት መርከብ መያዝ ይህን ያህል በር ሲከፍት ሌላ ቦታ አላነበብሁም።

ከአዳማ፦

ከዚያ በኋላ መርከቧ ምን ሆነች? ሙዚየም አደረጓት?

መልሕቅ፦

ወዲያውኑ አይደለም። ቫልፓራይሶ ላይ ጠግነው በራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ አዘመቷት፤ ያውም በፔሩ ላይ። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1880 አሪካን ስትደበድብ አዲሱ አዛዥዋ ማኑዌል ቶምሰን ማንኮ ካፓክ ከተባለችው የፔሩ መርከብ በተተኮሰ ጥይት ተገደለ። ስለዚህ ፕራት፣ ግራው፣ ቶምሰን፣ ሦስት አዛዦች፣ አሥር ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በዚህች በአንዲት መርከብ ላይ ሞተዋል። ዛሬ መርከቧ ውስጥ ለሦስቱም መታሰቢያ አለ። የግራው ከሁለቱ ቺሌዎች አያንስም።

ሌላውን ላሳጥረው። በ1897 ታልካዋኖ ላይ ቦይለሯ አደጋ ደርሶበት ከውጊያ አገልግሎት ወጣች። ከ1917 ጀምሮ ለቺሌ የመጀመሪያ ሰርጓጅ መርከቦች ደጋፊ ሆና ቆየች። ከ1951 እስከ 1952 ታድሳ ወደ ሙዚየምነት ተለወጠች። በ2010 ያ ትልቅ የምድር መንቀጥቀጥና ሱናሚ ታልካዋኖን ሲያፈራርስ ሁአስካር ተርፋለች። ቀኑን ሳስተውል ደነገጥሁ፤ ፌብሩዋሪ 27 ነው። ቶምሰን የሞተበት ዕለት፣ ልክ በ130ኛ ዓመቱ።

የሕግ ሰው፦

ታሪኩን ወድጄዋለሁ፤ ግን ከባዱን ጥያቄ ማንም አላነሣም። መርከቧ የፔሩ ናት፤ ለምን አትመለስም? ብዙ ፔሩያዊ ይህን ይጠይቃል።

በሕግ ረገድ የቺሌ አቋም ጠንካራ ነው። በውጊያ የተማረከ የጦር መርከብ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲያውኑ የማራኪው መንግሥት ንብረት ይሆናል፤ ከንግድ መርከብ የሚለየውም በዚህ ነው። ሕግ ግን ሁሉንም አይመልስም። ለአንድ ሕዝብ የጀግናው መቃብር የሆነ ቦታ በሌላው ወደብ ቆሞ ቲኬት ሲቆረጥበት ማየት ቀላል አይደለም። እኔ ብጠየቅ ትመለስ እላለሁ።

የታሪክ ወዳጅ፦

አከብርሃለሁ፤ አልስማማም። ፕራትም የሞተው እዚያው ወለል ላይ ነው። ለፔሩ ብትመለስ ቺሌ የራሷን ጀግና መሞቻ ታጣለች። ሜይ 21 በቺሌ፣ ኦክቶበር 8 በፔሩ ብሔራዊ በዓል ነው፤ ሁለቱም ከዚህች መርከብ የወጡ ናቸው። የማን ናት የሚለውን እንዴት ትቆርጠዋለህ?

የሕግ ሰው፦

ስለ ፕራት የጻፍኸው እውነት ነው፤ አላሰብሁበትም። ሆኖም ፔሩያውያን ያለ ክፍያ ወጥተው የሚጸልዩበት ቀን ሊኖራቸው ይገባል። ከዚህ አልወርድም።

ብረት ቀጥቃጭ፦

የግራው አስከሬንስ? የእግሩ ቁራጭ የት ተቀበረ?

የታሪክ ወዳጅ፦

ይህን ስጽፍ ሁልጊዜ ዓይኔ ያነባል። የግራው ሚስት እኅት ያገባችው ኦስካር ቪየል የተባለ የቺሌ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ሁለቱ በተቃራኒ ወገን ነበሩ። የግራው ቅሪት ሳንቲያጎ ውስጥ በቪየል ቤተሰብ መቃብር አረፈ። እስከ 1890 በአማቹ ቤተሰብ መቃብር ውስጥ በክብር ቆይቶ ወደ ፔሩ ተመለሰ።

ግራው ከመዝመቱ በፊት የፓይታ ተወካይ ሆኖ በፔሩ ምክር ቤት ይቀመጥ ነበር። ምክር ቤቱ ዛሬም መቀመጫ ይዞለታል። በስም ጥሪ ላይ ስሙ ሲጠራ አባላቱ ስለ እርሱ ሆነው «አለ!» ብለው ይመልሳሉ።

አሮጌው መርከበኛ፦

መልሕቅ ልጄ፣ ያን የማማውን ማዞሪያ ፎቶ አንሥተኸው ከሆነ ላክልን። የፕራትን ቦታም። እጀታው እንዴት እንደተበላ ማየት እፈልጋለሁ።

መልሕቅ፦

አንሥቼዋለሁ ጋሼ። አሁን ባሕር ላይ ነን፤ መስመሩ ፎቶ አይሸከምም። የሚቀጥለው ወደብ እንደደረስን መጀመሪያ የማዞሪያውን እልክልዎታለሁ።